ስለ ማልታ በዓላት ለጠየቃችሁኝ

ማልታ ስኖር 11ኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ከእነዚህ ውስጥ ስድስቱን በአንድ መንደር የሙዚቃ ጓድ ክበብ ኩሽና ውስጥ ሠርቻለሁ፤ በዓላቸውን የማውቀው በጓዳው በኩል ነው። ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፌአለሁ።

ጥያቄ፦ ከመጣሁ ሁለት ወሬ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሰማዩ እንደ መድፍ ይጮኻል። በሊቢያ በኩል ለመጣ ሰው ይህ ቀላል አይደለም። ምንድን ነው?

አይዞህ፣ ርችት ነው። በቀን የሚተኮሰው ብርሃን የለውም፤ ድምፅ ብቻ ነው። አንድ አጥቢያ የጠባቂ ቅዱሱን በዓል ሲያከብር «ፌስታ» ይሉታል፤ የእኛ ንግሥ ማለት ነው። ከግንቦት መጨረሻ እስከ መስከረም፣ ሳምንት በመጣ ቁጥር የጥቂት መንደሮች ተራ ይደርሳል። ደሴቶቹ ሁሉ ተደምረው 316 ካሬ ኪሎ ሜትር ስለሆኑ የጎረቤቱም ተኩስ የራስህ ይመስላል። ርችቱን የሚቀምሙት በአብዛኛው የመንደሩ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ዓመቱን ሙሉ ከሥራ በኋላ ይሠሩበታል። ባሩዱ ፈንድቶባቸው የሞቱም አሉ። ይህን ሁሉ እያወቁ በማግስቱ ተመልሰው ይገባሉ፤ እኔ እስካሁን አልገባኝም።

ጥያቄ፦ አሠሪዬ በሰፈራቸው ካለው አንዱ ክበብ በር ላይ እንኳ አይቆሙም። ሁለቱም ካቶሊክ፣ ሁለቱም የአንድ ሰፈር ሰዎች። ለምን?

እህቴ፣ የጊዮርጊስና የቡና ደጋፊን አስቢ። በብዙ መንደር ሁለት የሙዚቃ ጓድ አለ፤ እያንዳንዱ የራሱ ቅዱስ፣ የራሱ ማርሽ፣ የራሱ ክበብ አለው። ልጅ የሚወርሰው ከአባቱ ነው፤ ጋብቻ ሲያቀላቅላቸው ደግሞ ወሬው ለዓመት ይበቃል።

የዚህ ነገር ጫፍ ያለው ጎዞ ደሴት ላይ፣ ቪክቶሪያ ከተማ ነው። አንደኛው ወገን የቅዱስ ጊዮርጊስ ነው፤ ክበቡ «ኮከብ» ይባላል፣ በዓሉ በሐምሌ ነው። ሌላው የእመቤታችን ነው፤ ክበቡ «አንበሳ» ይባላል፣ በዓሉ ነሐሴ 15 ቀን ነው። አንዱ አስትራ የሚባል የኦፔራ ቤት አለው፤ ሌላው በዚያው ጎዳና አውሮራ የሚባል። ጥቂት ሺህ ሰው በሚኖርባት ከተማ ሁለቱም በየመጸው ሙሉ ኦፔራ ያሳያሉ! አንዳቸው ብቻ ቢሆኑ ኖሮ አንዱም ኦፔራ አይኖርም ነበር ብዬ አምናለሁ። እኔ በሠራሁበት ክበብም ሽንኩርት የሚላጠው «እነዚያ ዘንድሮ ምን አዘጋጁ» እየተባለ ነበር።

ጥያቄ፦ ሐዋርያው ጳውሎስ መርከቡ የተሰበረባት መላጥያ ይህች ናት?

ማልታዎቹን ብትጠይቅ ጥያቄው ራሱ ይገርማቸዋል። በሐዋርያት ሥራ 28 ላይ ያለውን እባብ፣ እሳቱን፣ የደሴቱን አለቃ ፑፕልዮስን እንደ ቤተሰብ ታሪክ ያወሩታል፤ ፑፕልዮስ ራሱ ፍሎሪያና በምትባለው ከተማ ፌስታ አለው። የመርከቡ ስብራት መታሰቢያ የካቲት 10 ነው። ቫሌታ ውስጥ የሐዋርያው የእንጨት ሐውልት በጠባቡ ጎዳና ሲወጣ ከየሰገነቱ የተቆራረጠ ወረቀት እንደ በረዶ ይዘንባል።

ጥያቄ፦ ኦርቶዶክስ ነኝ። ሐውልት ሲያልፍ ቆሜ ማየት ነውር ይሆንብኛል?

እሱን ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ፤ እኔ የማውቀው ወጥ ቤቱን ነው። ያስተዋልኩትን ግን ልንገርዎ። የእኛ ታቦት ተሸፍኖ በካህን ራስ ላይ ይወጣል። የእነሱ ሐውልት ገላጣ ሆኖ በምእመናን ትከሻ ላይ ይወጣል፤ የሚሸከሙት ጎረምሶችና የቤተሰብ አባቶች ናቸው። ሸክሙ ትከሻቸውን ሲያቆስለው ይኮሩበታል።

ጥያቄ፦ ቡስኬት በሚባለው ጫካ በሰኔ መጨረሻ ጋብዘውኛል። ምን ይዤ ልሂድ?

ምግብዎን! በዓሉ ኢምናርያ ይባላል፤ ሰኔ 29፣ የጴጥሮስና የጳውሎስ ነው። ዋዜማውን ሌሊት ዛፍ ሥር ተቀምጠው በጊታር ይዘፍናሉ፤ ግጥሙን እዚያው እየፈጠሩ እርስ በርስ ይሸነቋቆጣሉ። የአዝማሪ ቤት ሰው ወዲያው ይገባዋል። በማግስቱ ራባት አጠገብ ባለው አቀበት ፈረስና አህያ ያለ ኮርቻ ይጋልባሉ፤ አሸናፊው የጨርቅ ሰንደቅ ይሸለማል። ችግሩ የበዓሉ ምግብ በወይን ጠጅና በነጭ ሽንኩርት የተሠራ ጥንቸል መሆኑ ነው። ጥንቸል እኛ አንበላም፤ ቢበላም የእኛ የሐዋርያት ጾም የሚፈታው በዚሁ በዓል፣ ግን ሐምሌ 12 ቀን ነው። እኔ ሦስት ዓመት በዳቦና በቲማቲም አሳልፌዋለሁ።

ጥያቄ፦ ነሐሴ 15 ሽማግሌዎች ሲያለቅሱ አየሁ። የፍልሰታ በዓል አይደለም እንዴ?

ነው፤ የእኛ ሳምንት ቆይቶ ይመጣል። እንባው ግን የ1942ን ረሃብ ያስታውሳል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደሴቲቱ ተከብባ እጅ ለመስጠት ጥቂት ሳምንት ሲቀራት 14 የጭነት መርከቦች ተላኩላት፤ የደረሱት አምስት ናቸው። የመጨረሻዋ፣ ነዳጅ የጫነችው ኦሃዮ፣ ተሰባብራ ልትሰጥም ስትል በሁለት የጦር መርከቦች መሃል ታስራ ወደቡ የገባችው በዚያው በነሐሴ 15 ጠዋት ነው። እስከ ዛሬ እነዚያን መርከቦች በአንድ ላይ «የእመቤታችን ጓዝ» ዓይነት ስም ሰጥተው ይጠሯቸዋል።

ጥያቄ፦ ቋንቋቸው ለምን የሚገባኝ ይመስለኛል?

እንደ አማርኛና ግዕዝ የሴም ቋንቋ፣ ዘመድ ስለሆነ ነው። ካህኑን «ቃሲስ» ይሉታል፤ ልደትን «ሚሊድ»፣ ሌሊትን «ለይል»፣ ዳቦን «ሖብዝ»፤ ይኸኛው ከኅብስት ጋር ይዛመዳል። ዐቢይ ጾምን ግን «ራንዳን» ይሉታል፤ ከረመዳን የመጣ ነው።

ጥያቄ፦ በበጋው አንድ እሑድ ብቻ ነው ዕረፍት የማገኘው። የትኛውን ልይ?

ነሐሴ 6 አካባቢ ሊያ የምትባለው መንደር ሂጂ። በዓሉ ደብረ ታቦር ነው፤ በእኛ ቡሄ፣ ልጆች ጅራፍ የሚያጮሁበት። እነሱ ደግሞ በርችት ስም ያወጡ ናቸው። መንገዱ ስለሚዘጋ አውቶቡሱ መንደሩ ውስጥ አይገባም፤ ጫማሽ የሚያራምድ ይሁን፣ መመለሻሽንም ከመውጣትሽ በፊት ተነጋገሪ።