ሪኢሹ ጊታር ዋጋውን ያወጣል ወይ ላልከው

ወንድሜ ጥያቄህን ገና አሁን ነው ያየሁት። ሪኢሹ፣ ማለት ፋብሪካው የድሮ ሞዴሉን እንደነበረ አድርጎ ደግሞ የሚያወጣው፣ የፌንደር አሜሪካን ቪንቴጅ 2፣ የ1961ዱን ስትራት (ስትራቶካስተር ኤሌክትሪክ ጊታር)፣ በ2,400 ዶላር አገኘሁ፣ ይሄን ያህል ልክፈል ወይስ የፌንደርን ርካሽ ብራንድ ስኳየር ክላሲክ ቫይብ በ450 ገዝቼ ልረፍ፣ ድምፁ የእውነት ይለያል ወይ ነው ያልከው። የምትጫወተው ሰርግ እንደሚበዛ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ደግሞ ጠቅልለህ አዲስ አበባ የመግባት ሀሳብ እንዳለህም ጽፈሃል፣ እሱን መጻፍህ ጥሩ ነው መልሱን ይቀይረዋል። ከላይ የመለሱት ልጆች ግማሹ ቀለሙ እንጨቱን ያስተነፍሰዋል ምናምን፣ ግማሹ ደግሞ ሁሉም የነጋዴ ወሬ ነው ብለው ዘግተውታል። እኔ ሁለቱንም ዓይነት ይዤ እዚህ ዲሲና ሜሪላንድ ብዙ ሰርግ ተጫውቻለሁ፣ የጓደኞቼንም ጊታር ሴትአፕ እሰራለሁ፣ በእጄ የማውቀውን ልንገርህ።

ባጭሩ ለድምፁ ብለህ ከሆነ አትክፈል። ለአንገቱ ብለህ ከሆነ ክፈል፣ እሱም ለእጅህ ከተስማማ ብቻ፣ እሱም ሁለተኛ እጅ።

መጀመሪያ ግን ውድ ነው የሚለው ላይ። ሊዮ ፌንደር በ1954 ካሊፎርኒያ ፉለርተን ላይ ስትራቶካስተርን ሲያወጣ ባለ ትሬሞሎው (ክሩን የሚያወዛውዝ እጀታ ያለው) 249.50 ዶላር ነበር። ትንሽ ገንዘብ እንዳይመስልህ፣ በዛሬ ዶላር ስታሰላው ወደ 2,900 ይጠጋል። ስለዚህ ሪኢሹው ከኦሪጅናሉ አልተወደደም፣ እንደውም ረከስ ብሏል። ጉድ የሚያሰኘው የርካሹ ነው፣ 450 ዶላር በዛን ጊዜ ዋጋ 40 እንኳን አይሞላም፣ በ40 ዶላር ያኔ ስትራት አጠገብ አትደርስም። እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ስኳየሩን የሚሰሩት ኢንዶኔዥያ ያሉት ሰዎች ምኑን ቀንሰው እዚህ ዋጋ ላይ እንዳደረሱት ነው፣ እሱን ካወቅክ 2,000ውን ትርፍ ዶላር ለምን እንደምትከፍል አወቅክ ማለት ነው።

ሪኢሹ ራሱ እንዴት እንደመጣ ደግሞ ትንሽ ልበልህ። የአሜሪካው የብሮድካስት ኩባንያ ሲቢኤስ በ1965 ፌንደርን በ13 ሚሊዮን ዶላር ገዛው፣ ከዛ በ70ዎቹ በሚወጣው ጊታር ብዙ ሰው ማማረር ጀመረ፣ ክብደቱ፣ በሶስት ብሎን የሚያዘው አንገት፣ እንደ ፕላስቲክ የወፈረው ቀለም። ጊታሪስቱ የድሮውን ፍለጋ ገባ። ጃፓኖቹ እነ ቶካይ ይሄን አይተው የ50ዎቹን ስትራት ቁጭ አድርገው መስራት ጀመሩ፣ ያውም በደህና ዋጋ። ፌንደር በ1982 የ57ቱንና የ62ቱን ስትራት እና የ52ቱን ቴሌካስተር (ሌላውን የፌንደር ሞዴል) መልሶ ያወጣው በዚህ መሃል ነው፣ ፌንደር ጃፓንም የተቋቋመው በዛው ዓመት ነው። የሚያስቀው ያኔ ፉለርተን የተሰሩት ሪኢሹዎች አሁን ራሳቸው በሰብሳቢ የሚታደኑ ሆነዋል፣ የሪኢሹ ሪኢሹ እስኪመጣ እየጠበቅን ነው።

እሺ አንገቱ። ልዩነቱ ያለው እዚህ ነው። በሪኢሹው ላይ የፍሬትቦርዱ (ጣት የሚያርፍበት እንጨት) ጠርዝ ተፈግፍጎ ለስለስ ብሏል፣ የፍሬቶቹ (በላዩ የተሰለፉት ቀጫጭን ብረቶች) ጫፍ ተሞርዷል፣ መዳፍህን ከላይ እስከታች ስታንሸራትተው ምንም አይቧጭርህም፣ ጀርባው ላይ ያለው ናይትሮ፣ የድሮው ዓይነት ቀለም፣ ስስ ነው። ይሄ ሁሉ የሰው ሰዓት ነው፣ ሰዓት ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ውድ ነው፣ ከከፈልከው ትልቁ የሚሄደው እዛ ላይ ይመስለኛል። ክላሲክ ቫይቡን ደግሞ ዊንተር ላይ ማሞቂያ ያለበት ቤት አስቀምጠው፣ እንጨቱ ይደርቅና ይኮማተራል ፍሬቶቹ ግን ብረት ስለሆኑ እንደነበሩ ይቀራሉ፣ ጫፋቸው ወጣ ወጣ ይልና ጣትህን ይቦጭቅሃል። ይሄ ውዱ ላይም ይመጣል፣ ግን ቀድሞ በደንብ ስለተሞረደ ብዙ አይሰማህም። አንድ ቀን ሞረድ ይዞ የሚቀመጥ ሰው ካገኘህ ግን የ450ው አንገትም በጣም ጥሩ ይሆናል፣ እኔ ለጓደኛ ሰርቼ ከራሴ ጊታር ጋር ዓይኔን ጨፍኜ መለየት ያቃተኝ አለ።

አሁን ማንም ያልነገረህ ነገር። ትክክለኛው ቪንቴጅ ስፔክ ፍሬትቦርዱ 7.25 ኢንች ራዲየስ ነው፣ ማለት ቅስት ነው፣ ጎበጥ ያለ። ታች ፍሬቶች ላይ ኮርድ ስትይዝ ይመቻል፣ ቺክቺካ ላይ ሪትም ስትመታ እጅህ ሌሊቱን ሙሉ አይደክምም። ግን እኛ የምንጫወተውን ታውቃለህ፣ ትዝታም ሆነ አምባሰል ዘፋኙ ድምፁን ሲያንቀረቅብ አብረኸው ክር መጎተት አለብህ፣ ያለ ቤንድ ጊታሩ ይደርቃል። ቀጭኗን ክር 15ኛው ፍሬት ላይ ይዘህ አንድ ሙሉ ቶን ጎትታት፣ ክሩ ወደ ቦርዱ መሃል ይሄዳል፣ መሃሉ ደግሞ ከጠርዙ ከፍ ያለ ስለሆነ ከፊት ያሉትን ፍሬቶች ይነካና ድምፁ እዛው ይታፈናል። በጣም የሚያናድድ ነገር ነው፣ በተለይ ኖታዋ ላይ ቆመህ ልታስለቅሳት ስትል። መፍትሄው ክሩን ከፍ ማድረግ ነው፣ 12ኛው ፍሬት ላይ ወፍራሟ ክር 2 ሚሊሜትር ቀጭኗ 1.6 አካባቢ ከሆነች ይሻላል፣ ከዛ በታች ካወረድካት ትታፈናለች። ክር ዝቅ አድርገህ መጫወት የለመድክ ከሆነ 9.5 ወይ 12 ራዲየስ ያለው፣ ማለት ዝርግ ያለው፣ ጊታር ነው የሚሆንህ፣ ክላሲክ ቫይቡ ደግሞ ልብ በል 9.5 ነው። ማለት ለቤንድ ርካሹ ከውዱ ይመቻል፣ ሻጩ ይሄን አይነግርህም።

ሌላ ደግሞ የአንገቱ ማስተካከያ፣ ትረስ ሮዱ፣ አንገቱ ውስጥ ያለው ብረት። ድሮ እንደነበረው አድርገው ስለሰሩት ከቦዲው ጋር በሚገናኝበት በኩል ነው ያለው። አንገቱ ሲጎብጥ ክሮቹን ታላላለህ፣ በጀርባ ያሉትን አራት ብሎኖች ትፈታለህ፣ አንገቱን ቀና አድርገህ በካቻቢቴ ሩብ ዙር ታዞራለህ፣ መልሰህ ታስራለህ፣ ትቃኛለህ፣ ታያለህ፣ አልሆነም፣ እንደገና። በዘመናዊዎቹ እነ አሜሪካን ፕሮፌሽናል ላይ ከአንገቱ ጫፍ በኩል በአንድ ቁልፍ ክሩን ሳትፈታ ታልቃለች። ለትክክለኛነት ብሎ ይሄን ስቃይ መክፈል ለኔ አይገባኝም፣ የሚገባቸው አሉ፣ እነሱን አልነካም።

ድምፁ ላይ ልምጣ። የስትራት ፒክአፕ፣ የክሩን ንዝረት ተቀብሎ ወደ አምፕ የሚልከው፣ ማግኔትና ሽቦ ነው፣ አልኒኮ 5 የሚባል ማግኔት እና 42 ቁጥር ሽቦ፣ ሚስጥር የሚባል ነገር የለበትም፣ አሰራሩን የማያውቅ ሰው የለም። ክላሲክ ቫይቡም አልኒኮ ነው፣ ካልጣመህ በ200 ዶላር ገደማ ጥሩ የቪንቴጅ ሴት ገዝተህ ትቀይራለህ። ደግሞ ቪንቴጅ ፒክአፕ የራሱ አመል አለው። የማግኔቶቹ ከፍታ እኩል አይደለም፣ የተሰራው ሶስተኛዋ ክር ሽቦ የተጠመጠመባት በነበረችበት ጊዜ ነው፣ አሁን ሁላችንም የምንጠቀመው ያልተጠመጠመችውን ስለሆነ ሶስተኛዋ ከሌሎቹ ጮክ ትላለች፣ ማግኔቱን ደግሞ እንደ ሀምበከር (ባለ ሁለት ጥቅል ፒክአፕ) ብሎን አታወርደውም። ሁሙም፣ ማለት እምም የሚለው ድምፅ፣ አለ። ትልልቅ የሰርግ አዳራሽ ኤልኢዲ ስክሪን አጠገብ ቁምና ታየዋለህ፣ ዘመናዊዎቹ ላይ የመሃሉ ፒክአፕ በተቃራኒ ስለሚጠመጠም የስዊቹ 2ኛና 4ኛ ቦታ ላይ ሁሙ ይጠፋል፣ የድሮው አሰራር ላይ ግን የትም ብትሄድ አብሮህ ነው። ፒክአፕ የሚመረጥበት ስዊች ራሱ እስከ 1977 ባለ ሶስት ነበር፣ የኔ የድሮ 62 ሪኢሹ ባለ ሶስቱ ተገጥሞለት ባለ አምስቱ ኬዙ ውስጥ በፌስታል ነበር የመጣው፣ መጀመሪያ ያደረኩት እሱን መቀየር ነው።

ይሄን ሁሉ ብዬህ ደግሞ ኪቦርድ ሁለት እጁን ዘርግቶ ሳክሱ እየጮኸ ድራሙ እየደበደበ እስክስታው ሲጦፍ ናይትሮው ተነፈሰ አልተነፈሰ ማን ይሰማዋል? ሰው የሚሰማው እጅህንና አምፕህን ነው። ጊታሪስቱ ሰላም ስዩም በነሮሃ ባንድ ጊዜ የተጫወተውን ጊታር ሁላችንም ሁለት ኖታ ሰምተን እናውቀዋለን፣ ያ የእጅ ነገር ነው፣ በየትኛውም ጊታር ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ድምፅ ነው የምፈልገው ካልክ 450ውን ግዛ፣ ፒክአፕ ቀይር፣ በቀረው ጥሩ የትዩብ አምፕ ግዛበት፣ ልዩነቱን ያኔ ሚስትህም ትሰማዋለች።

ናይትሮ ላይ አንድ ነገር፣ መግዛትህ ካልቀረ። ይሄ ቀለም ጎማ አይወድም። የባንዳችን ሁለተኛ ጊታሪስት ሪኢሹውን ርካሽ ስታንድ ላይ ሰቅሎት ከረመ፣ ሲያነሳው ጥቁሩ ጎማ ቀለሙን አላልቶት ታች በኩል ሁለት ቦታ ላይ እንደ ቀለጠ ከረሜላ ተዝለግልጎ ነበር፣ አይጠረግም አይፋቅም። ስታንዱ ላይ ጥጥ ጨርቅ ጠምጥምበት፣ እኔ ያረጀ ነጠላ ቀድጄ ነው የጠመጠምኩት። ጃንዋሪ ላይ ደግሞ ከመኪና ትራንክ አውጥተህ የሞቀ አዳራሽ እንደገባህ ኬዙን እንዳትከፍተው፣ ቀስ ብሎ ይሙቅ፣ አለዚያ ቀለሙ እንደ ሸረሪት ድር ይሰነጣጠቃል። ለአንዳንዱ ይሄ ውበት ነው፣ ሆን ብሎ የሚያሰነጥቅም አለ።

ካነሳነው አይቀር ሬሊክ የሚባለው። ፌንደር ካስተም ሾፕ ከ1995 ጀምሮ አዲሱን ጊታር ፍቆ ቧጭሮ ያረጀ አስመስሎ ይሸጣል፣ 4,000 ከዛም በላይ። እኔ በገንዘቤ ጭረት አልገዛም፣ ጭረት በነፃ እሰራለሁ። አንዱ ልጅ እንደዚህ ዓይነቱን ይዞ ሰርግ ላይ ሲጫወት አንድ እናት ጠርተውት «ልጄ፣ ይሄ አሮጌ ነገር እስከመቼ፣ አዋጥተን አዲስ እንግዛልህ» ብለውታል፣ ዋጋውን ሊነግራቸው አፈረ።

የጊብሰኑን ሌስ ፖል የጠየቀም ስላለ በአጭሩ፣ ከ1958 እስከ 1960 የወጣው ሰንበርስቱ (ከመሃል ደመቅ ጠርዙ ጠቆር ያለ ቀለም ያለው) በጠቅላላው 1,500 ገደማ ነው፣ ኦሪጅናሉ በመቶ ሺዎች ዶላር ነው የሚሸጠው፣ ስለዚህ 6,000 እና ከዛ በላይ ለሪኢሹ የሚከፍል ሰው ሌላ አማራጭ የለውም። ግን የአንገቱ ጫፍ ወደኋላ የተጋደለ ማሆጋኒ እንጨት ስለሆነ አንዴ ከወደቀ አንገቱ ይሰበራል። ሰርግ ላይ ልጅ በሚሮጥበት መድረክ እሱን ይዤ አልወጣም።

አዲስ አበባ የመውሰድህ ነገር ላይ፣ አየሩ ለናይትሮ እንደውም ደግ ነው፣ የሚያሰነጥቅ ብርድ የለም። ግን ክረምቱ እርጥብ በጋው ደረቅ ስለሆነ አንገቱ በዓመት ሁለቴ ማስተካከያ ይፈልጋል፣ ያን ብሎን የመፍታት ስራ ራስህ መልመድ አለብህ ወይ ከአንገቱ ጫፍ የሚስተካከለውን መግዛት። መለዋወጫም እዛ እንደዚህ በቀላሉ አታገኝም፣ ፍሬት ሽቦ፣ ፖት (የድምፅ ማዞሪያው ውስጥ ያለው)፣ ስዊች፣ ክር በብዛት ከዚህ ይዘህ ሂድ። የሪኢሹ አንድ ጥቅም እዚህ ጋ አለ፣ የ60ዎቹ መጀመሪያ ኦሪጅናሎች ፍሬትቦርድ የብራዚል ሮዝውድ ነው፣ ያ እንጨት ከ1992 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት ጥብቅ ስለሆነ ድንበር ለማሻገር ፈቃድ ይፈልጋል፣ የአሁኑ ሪኢሹ ግን በሌላ ሮዝውድ ስለሚሰራና ተሰርቶ ያለቀ መሳሪያ ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ ነፃ ስለሆነ ችግር የለብህም።

ስለዚህ ላንተ፣ ሰርግ ለሚጫወት፣ ቤንድ ለሚወድ፣ አዲስ አበባ ለሚገባ ሰው፣ እኔ ብሆን ያገለገለ አሜሪካን ፕሮፌሽናል 2 ነው የምፈልገው፣ 9.5 ራዲየስ፣ ማስተካከያው ከአንገቱ ጫፍ፣ ዋጋውም ከሪኢሹው በብዙ ያነሰ። 7.25ቱን እጅህ ከወደደው ግን በመሃል የፌንደር ቪንቴራ አለ፣ ሜክሲኮ ኤንሴናዳ የሚሰራው፣ ያንኑ ቅስት በግማሽ ዋጋ ታገኛለህ፣ ቀለሙ ብቻ ናይትሮ ሳይሆን ፖሊ፣ እንደ ፕላስቲክ ያለው፣ ነው። 61ዱን ሳልይዝ አልተኛም ካልክ ደግሞ አዲስ አትግዛ፣ ከሱቅ በወጣ ማግስት ዋጋው ይወርዳል፣ ከ2,000 በታች የሚሸጥ ንፁህ ዕቃ ታግሰህ ከፈለግክ ይገኛል።

ሱቅ ስትሄድ አምፕ ላይ አትሰካው መጀመሪያ። ደረቁን ያዘው፣ ያቺን 15ኛ ፍሬት ጎትታት፣ ቀጥሎ 17ኛዋን፣ ሁለቱም ቀጫጭን ክሮች ላይ። መዳፍህን በአንገቱ ጠርዝ አሂድ። ክብደቱን መዝነህ ጠይቅ፣ ከ8 ፓውንድ በታች ከሆነ እሰየው፣ ከ9 ካለፈ ግን ተወው፣ ከሙሽራ መግቢያ እስከ ሌሊት ስምንት ሰዓት ትከሻህ ላይ ነው የሚውለው። ያየኸው ጊታር ክብደት ስንት እንደሆነና ክር ስንት ቁጥር እንደምትጠቀም እዚሁ ጻፍልኝ፣ በ11 የምትጫወት ከሆነ ቤንዱ ላይ ያልኩህ ትንሽ ይለያል።