የመሪ ተዋናዩ ቀብድ

«ሆሊውድ ውስጥ አንድ ተዋናይ ብቻውን 20 ሚሊዮን ዶላር ከወሰደ ፊልሙ በምን ያተርፋል? የኛንም ፊልም እያከሰረው ያለው የተዋናይ ክፍያ ይሆን?» ብለህ ጠይቀሃል፣ ወንድሜ። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ ለዘጠኝ ዓመት ፕሮዳክሽን ማናጀር ነበርኩ። ብር ከፋዩም ተሰዳቢውም እኔ ነኝ ማለት ነው። ያየሁትን ልንገርህ።

ፕሮዲውሰር ሞኝ ሆኖ አይደለም ለኮከብ ብዙ የሚከፍለው። ፖስተሩ ላይ የታወቀ ፊት ከሌለ ሲኒማ ቤቱ ጥሩ ሰዓት አይሰጥህም። ስፖንሰሩም ስክሪፕቱን ሳይገልጥ «ማን ነው የሚሠራበት?» ይልሃል። ከክፍያው ገሚሱ የማስታወቂያ ወጪ ነው ብለህ ቁጠረው።

ችግሩ ብሩ የሚወጣበት ጊዜ ነው። አንድ ትኬት ሳይሸጥ ይወጣል፤ ፊልሙ ቢወድቅም አይመለስም። የሚጎዳው ደግሞ የቀረው በጀት ነው።

አንድ ፊልም ላይ ከበጀታችን ሲሶው ለመሪ ተዋናይዋ ሄደ። ግማሹን በቀብድ፣ ቀሪውን ቀረጻ ሳያልቅ ወሰደች። 28 ቀን ያቀድነውን ሹቲንግ 19 ቀን አደረግነው። ሳውንድ ማኑን በይቅርታ ሸኘነው። የሠርጉን ትዕይንት በአርባ ሰው ቀረጽን፤ ካሜራው ትንሽ ዞር ካለ ባዶ ወንበር ነው። ተዋናይዋ ያን ሰሞን ሌላ ፊልምም ነበራት። ሰኞ ሹሩባ ተሠርታ ቀረጽናት። ረቡዕ ያንኑ ትዕይንት ልንቀጥል ስንል ሹሩባው ተፈትቶ፣ ፒያስትራ ሆና መጣች። እንደገና እንዳንቀርጽ ብር የለም። ሻሽ አሰርንላት። ሲኒማ ቤት ውስጥ ሰዉ «ሻሹ ከየት መጣ?» እያለ ሲስቅ እኔ ከኋላ ቆሜ ነበር። እሷን ግን አልወቅስም። ጡረታ የላትም፣ ፊልሙ በቲቪ በተደገመ ቁጥር የሚከፈላት ነገር የለም። ስሟ ባለበት ጊዜ ካልሰበሰበች መቼ ትሰብስብ?

ወደ ሆሊውድ ስንመጣ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) በ1996 ጂም ኬሪ ለአንድ ኮሜዲ 20 ሚሊዮን ዶላር ተከፈለው። ያኔ ጉድ ተብሎ ነበር። የፊልሙ በጀት 47 ሚሊዮን ገደማ ነው። አሜሪካ ውስጥ ያስገባው ወደ 60 ሚሊዮን፤ ከዚያ ላይ ገሚሱን ያህል ሲኒማ ቤቶቹ ያነሳሉ። ውጭ አገር ባይሸጥ ኖሮ ስቱዲዮው ራሱን ይዞ ነበር።

ድርሻ የሚባለው ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ሐሳቡ የቆየ ነው። በ1950 ለወጣ አንድ የካውቦይ ፊልም ዩኒቨርሳል የጄምስ ስቱዋርትን ዋጋ መክፈል አልቻለም። ወኪሉ ሉ ዋሰርማን «ደሞዙ ይቅርና ከትርፉ ስጡት» አለ። ስቱዋርት በደሞዝ ከሚያገኘው በላይ አገኘ። ፊልሙ ቢከስር አብሮ ይከስር ነበር፤ ለኔ ፍትሐዊው ይሄ ነው።

ግን ከየትኛው ብር ነው ድርሻው? ከጠቅላላ ገቢው ከሆነ ኮከቡ ማንም ሳይቀድመው ይወስዳል። ከተጣራ ትርፍ፣ ማለትም ወጪው ሁሉ ተቀንሶ ከሚቀረው ከሆነ ሰባራ ሳንቲም ላታይ ትችላለህ። በ1988 የወጣውን፣ አፍሪካዊው ልዑል ሚስት ፍለጋ ኒው ዮርክ የሚሄድበትን ፊልም ታስታውሰዋለህ። ኤዲ መርፊ ከክፍያው ሌላ ከጠቅላላው ገቢ ፐርሰንት ነበረው። አርት ቡክዋልድ የሚባል ደራሲ «የፊልሙ ሐሳብ የኔ ነው» ብሎ ፓራማውንትን ከሰሰና ረታ። የቡክዋልድ ውል ግን ከተጣራ ትርፍ ነበር። ስቱዲዮውም በመቶ ሚሊዮኖች ያስገባውን ፊልም «ትርፍ የለውም» አለ። የኮከቡ ድርሻ ወጪ ተብሎ ይመዘገባላ!

ተዋናይን በማገድ ዋጋ ይወርዳል የሚሉም አሉ። ናይጄሪያ ሞክራዋለች። በ2004 የፊልም ነጋዴዎቹ ተሰብስበው ጄኔቪቭ ናጂን ጨምሮ ትልልቆቹን ተዋናዮች «ክፍያችሁ በዛ» ብለው አገዷቸው። ጄኔቪቭ በዚያው ዓመት የሙዚቃ አልበም አወጣች። ኋላም ተመልሳ ዋናዋ ኮከብ ሆነች።

እኔ በመጨረሻው ሥራዬ ላይ ድርሻን ሞከርኩ። ለመሪ ተዋናዩ «ግማሹን ቀብድ ውሰድ፣ ለቀሪው ከትኬቱ ፐርሰንት እንስጥህ» አልኩት። ቡናውን እያማሰለ ትንሽ አሰበ። «ትኬቱን ማን ነው የሚቆጥረው?» አለኝ። እውነት ለመናገር የሲኒማ ቤቱን ቁጥር እኔም አላምነውም ነበር። በመጨረሻ ታናሽ ወንድሙን ደብተር አስይዘን በር ላይ አስቀመጥነው። ልጁ ለሦስት ሳምንት ሰው ሲገባ ሰረዝ ሲያሰምር ከረመ። አንድ እሁድ ሲኒማ ቤቱ የነገረን ቁጥር ከደብተሩ በ61 ሰው አነሰ። ደብተሩን ይዘን ሄድን፤ ከረዥም ጭቅጭቅ በኋላ የ40ውን ከፈሉን።