«ቁጭ እናትሽን ነሽ ይሉኛል፤ ስኳሯም ይመጣብኝ ይሆን?»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የ36 ዓመት ሴት ነኝ። ባንክ ነው የምሠራው፤ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብዬ እውላለሁ። እናቴ ስኳር ከያዛት ቆይቷል። ታላቅ ወንድሜም ባለፈው ዓመት ስኳር አለብህ ተባለ። እኔን ዘመድ ሁሉ «ቁጭ እናትሽን» ይለኛል፤ መልኬም፣ አረማመዴም፣ ሻይ አጠጣጤም የሷ ነው። አሁን ደግሞ ሆዴ አካባቢ እንደሷ መወፈር ጀምሬያለሁ። በዘር የሚመጣ ከሆነ መጠንቀቁ ምን ይፈይድልኛል? የ9 ዓመቱ ልጄስ?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። አዎ፣ በዘር ይመጣል። በአዋቂ ዕድሜ የሚይዘው ስኳር አብዛኛው ዓይነት ሁለት ስለሆነ፣ የእናትዎና የወንድምዎም እሱ ነው ብዬ ልነሳ። ብዙ ጊዜ በሚጠቀሰው ግምት፣ ከወላጆቹ አንዱ ዓይነት ሁለት ስኳር ያለበት ሰው በሕይወት ዘመኑ የመያዝ ዕድሉ ወደ 40 በመቶ ይጠጋል። ሁለቱም ካለባቸው ወደ 70 ይደርሳል። ቀላል ቁጥር አይደለም። ቢሆንም አልቆልኛል የሚያስብል አይደለም።

ከእናትዎ የወረሱት ዘረ መል ብቻ አይደለምና። ሻይ ላይ ስንት ማንኪያ እንደሚጨመር፣ እንግዳ ሲመጣ ለስላሳ እንደሚከፈት፣ ከምሳ በኋላ ጋደም እንደሚባል ማንም አላስተማረዎትም። እያዩ አደጉ። ለዚህ ጥሩ ማሳያ አለ፦ የትዳር ጓደኛው ስኳር ያለበት ሰው ራሱም የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ከፍ እንደሚል ጥናቶች አሳይተዋል። ባልና ሚስት በደም አይዛመዱም። የሚጋሩት ማዕዱን ነው፣ የአኗኗር ልማዱን ነው።

ሌላም አለ። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል የሄዱት ቤተ እስራኤላውያን ሲገቡ ስኳር በመካከላቸው ብርቅ ነበር። ጥቂት ዓመታት ሳይቆዩ፣ ወጣቶቹ ላይ ሳይቀር፣ በሽታው አሻቀበ። ዘራቸው በጥቂት ዓመት አልተለወጠም። የተለወጠው ምግቡና የእግር መንገዱ ነው።

አሁን መጠንቀቅ ምን ይፈይዳል ወዳሉት ልምጣ። በ1994 ዓ.ም. ውጤቱ የታተመ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት፣ ስኳራቸው ከፍ ያለ ግን ገና በሽታ ላይ ያልደረሱ 3,234 ሰዎችን ተከታትሏል። ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የታገዙት፣ መድኃኒት የሌለበት የማስመሰያ ኪኒን ከተሰጣቸው ጋር ሲነጻጸሩ በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። ሜትፎርሚን የተባለውን ኪኒን የወሰዱት ደግሞ በ31 በመቶ። እኔን ከሁሉም በላይ ደስ የሚለኝ ኋላ የተገኘው ነው፦ ለስኳር በጣም የሚያጋልጠውን ዘረ መል ከእናትም ከአባትም የወረሱት ሰዎች እንኳ በዚሁ መንገድ ተጠቅመዋል። 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 7 በመቶ ማለት ከስድስት ኪሎ ያነሰ ነው።

ከሻይ ይጀምሩ። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ገደማ ነው። ሦስት ማንኪያ እየጨመሩ በቀን አምስት ብርጭቆ ከጠጡ 60 ግራም ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ደግሞ ለአዋቂ ከ50 ግራም እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከ25 እንዳያልፍ ነው፤ ያውም ለስላሳውና ብስኩቱ ተደምሮ። በአንዴ አይተዉት። በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ይቀንሱ፤ ምላስ ቶሎ ይለምዳል።

ብዙ ቤት የማየው፣ ሁሌም የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። እናት ስኳር አለብሽ ስትባል ለሷ ብቻ በትንሽ ድስት ይሠራላታል። ጎመኑ፣ ምስሩ፣ ዘይት ያልበዛበት ወጥ የሷ ነው። ልጆቿ አጠገቧ ቁጭ ብለው ፓስታ በእንጀራ ይበላሉ፣ ላዩ ላይ ለስላሳ ያወርዱበታል። ስኳሩ ነገ የሚያሰጋው እኮ እነሱን ነው! እባክዎ ትንሿን ድስት ያስቀሯት። እናትዎ የታዘዙትን ቤተሰቡ ሁሉ ይብላ። እንጀራውን ቀነስ፣ ምስሩንና ጎመኑን በዛ ማድረግ ለማንም አይጎዳም። እናትዎም «የኔ ምግብ» ተብሎ ለብቻቸው ከመብላት ያርፋሉ።

እንቅስቃሴው ጂም የግድ አይልም። ሥራዎ የመቀመጥ ነውና በሳምንት አምስት ቀን ለግማሽ ሰዓት ፈጠን ያለ እርምጃ በቂ ነው። ከታክሲ ቀደም ብለው ይውረዱ፤ ማታ ከእራት በኋላም ከልጅዎ ጋር ዞር ዞር ይበሉ።

ምርመራውን ግን አያቆዩት፤ በዚህ ወር ይሂዱ። ማታ እራትዎን ይብሉና ቢያንስ ለ8 ሰዓት ከውኃ በቀር ምንም ሳይቀምሱ ጠዋት ደም ይስጡ። ቡናም አይጠጡ። ውጤቱ ከ100 በታች ከሆነ ደህና ነው፤ በየሦስት ዓመቱ ይድገሙት። ከ100 እስከ 125 ማስጠንቀቂያ ነው፣ በየዓመቱ መታየት አለብዎ። 126 እና ከዚያ በላይ ከሆነና ሲደገምም ያው ከሆነ ስኳር ነው። «የሦስት ወር ስኳር» የሚባለውን ምርመራ ከታዘዙ፣ ደም ማነስ ካለብዎ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ውጤቱን ሊያዛባው ይችላል። በእርግዝናዎ ጊዜ ስኳር ታይቶብዎ ከሆነም ይንገሩ፤ ያ ብቻውን ስጋቱን ከፍ ያደርገዋል። እዚያው ደም ግፊትዎንም ይለኩ።

ልጅዎ ካልወፈረና ምንም ምልክት ከሌለበት አሁን መመርመር አያስፈልገውም። ውኃ ጥም ከበዛበት፣ ሽንት ከመላለሰው፣ ማታ ሳይሸና ያድር የነበረው መሽናት ከጀመረ፣ እየበላ ከከሳ ግን በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይውሰዱት። ልጆችን በብዛት የሚይዘው ዓይነት አንድ ስኳር የቤተሰብ ታሪክ ባይኖርም ይመጣል፤ በቀናት ውስጥም ሊከፋ ይችላል።