ጥያቄና መልስ፦ ሳይክል ላይ «ተኝቶ» ስለመንዳት

ባለፈው እሁድ ከወንጂ መልስ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን አንዱ የሰፈር ልጅ ሳይክሌን ዞር ዞር ብሎ አየና «ጋሼ፣ ይሄ ተኝተው የሚነዱት ነገር ወገብ አይቆርጥም?» አለኝ። ከእሱ በኋላ ጥያቄው አላባራም። እኔም ያላችሁን ሁሉ ጻፉልኝ አልኩ፤ ጻፋችሁ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። ያፈራችሁበትንም አልዘለልኩም። ሐኪም አይደለሁም። የትራያትሎን (ዋና፣ ሳይክልና ሩጫ ተከታትለው የሚደረጉበት ውድድር) ሳይክል ገዝቼ፣ አበላሽቼ፣ መልሼ አስተካክዬ፣ ለሌላውም ሳስተካክል የኖርኩ ሰው ነኝ፣ በቃ።

ጥያቄ፦ እውነት ዝቅ ማለት ያን ያህል ለውጥ አለው? ወይስ ለፎቶ ነው?

መልስ፦ ለፎቶም ያምራል፣ አልዋሽህም። ግን ሜዳ ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ካለፍክ ከኃይልህ 80 በመቶ የሚሆነው፣ እንዲያውም ከዚያ በላይ፣ የሚያልቀው አየር በመግፋት ነው። አየሩን በብዛት የሚመታው ደግሞ ሳይክሉ ሳይሆን አንተ ነህ፤ ደረትህ፣ ትከሻህ፣ ጭንቅላትህ። ፍጥነትህን እጥፍ ለማድረግ ብትፈልግ ለአየሩ ብቻ የምታወጣው ኃይል ስምንት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ብዙ ብር አውጥቶ ቀላል ሳይክል ከመግዛት አካልን ማጥበብ ይሻላል።

በ1989 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ግሬግ ሌሞንድ ትልቁን የሳይክል ውድድር ቱር ደ ፍራንስን በ8 ሰከንድ ያሸነፈው በመጨረሻው ቀን፣ 24.5 ኪሎ ሜትር የግል ሰዓት ውድድር ላይ ነው። ያን ቀን እሱ ኤሮባር (ክንድ አሳርፈው ወደፊት የሚተኙበት የመሪ ተቀጥላ) ገጥሞ ነበር፣ ተፎካካሪው ሎረን ፊኞን ግን አልገጠመም። ኤሮባሩ ደግሞ መጀመሪያ የገነነው በእኛው፣ በትራያትሎን ሰዎች ዘንድ ነው።

ለአዳማ ሰው ደግሞ ስለ ንፋስ መስበክ ምን ያደርጋል። ዳገቱ ላይ የተተከሉት የንፋስ ተርባይኖች ለጌጥ አልቆሙም፤ ሁለቱ ጣቢያዎች አንድ ላይ 204 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። አንድ ነገር ግን ይጠቅመናል። ከተማችን ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለሆነች አየራችን ከባሕር ዳርቻ አየር ከ15 በመቶ በላይ የሳሳ ነው። ለሳንባ ይከብዳል፣ ለመሰንጠቅ ግን ይቀላል።

ጥያቄ፦ ኤሮባር ገጥሜ መሪውን የመጨረሻ ዝቅ አደረግኩት። 10 ደቂቃ ሳይሞላ አንገቴና ትከሻዬ ይቃጠላል። ልምምድ ነው ወይስ ተሳስቻለሁ?

መልስ፦ ተሳስተሃል። ደስ ይበልህ፣ እኔም እዚሁ ላይ ነው የተሳሳትኩት።

የመጀመሪያ ሳይክሌን እንዳገኘሁ የአንድ ፕሮፌሽናል ፎቶ አይቼ ከመሪው አንገት ስር ያሉትን ቀለበቶች በሙሉ አወጣኋቸው። መሪው ፍሬሙ ላይ ተለጠፈ። ሰፈር ውስጥ ስዞር ሰው ሁሉ ያየኛል፣ ደስ ብሎኛል። በማግስቱ በአሰላ መንገድ ወጣሁ። መልካሳ ስደርስ አንገቴ አልዞር አለ። ስመለስ ጋሪ ሲመጣ በጆሮዬ ነበር የምለየው። ከዚያ ክንድ ማሳረፊያውን ትቼ ደረቴን ነፍቼ ቀና ብዬ ነዳሁ፣ ያውም ንፋሱ ፊት ለፊት እየመጣ። ያን ሁሉ ዝቅ ብዬ፣ የመንገዱን አብዛኛውን እንደ ጋሪ ነጂ ቁጭ ብዬ ጨረስኩት። ከዚያ ቀለበቶቹን መልሼ 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ አደረግኩት። አንድ ሰዓት ሙሉ ሳልነሳ ነዳሁ፣ ሰዓቴም ከበፊቱ ተሻለ።

የምለው ይሄው ነው። ስንት ደቂቃ ዝቅ ብለህ እንደቆየህ ቁጠር እንጂ ስንት ሴንቲ ሜትር ዝቅ እንዳልክ አትቁጠር። ሥራውን ከኋላ ጀምር፤ መጀመሪያ ኮርቻ፣ መሪው መጨረሻ። አብዛኛው ሰው ገልብጦ ነው የሚሠራው።

አሁን ያንተን እንየው። ክርንህ የት ነው ያለው? ከትከሻህ ላይ ቱንቢ ብናወርድ ክርንህ እዚያው ስር ወይም ትንሽ ቀደም ብሎ መሆን አለበት። የላይኛው ክንድህ ከደረትህ ጋር 90 ዲግሪ ገደማ ይሥራ። ያኔ ክብደትህን የሚሸከመው አጥንትህ ነው። ክርንህ ወደ ሆድህ ከገባ ወይም በጣም ወደፊት ከሸሸ ግን ቀኑን ሙሉ የሚሸከምህ ጡንቻ ነው፤ የሚያቃጥልህም እሱ ነው። ትከሻህን ወደ ጆሮህ አትሳብ፣ ጣለው። አንድ ሰው ከጎን ቪዲዮ ይቅረጽህ፣ ራስህ ታየዋለህ።

ጥያቄ፦ ጋሼ ይቅርታ፣ የሚያሳፍር ጥያቄ ነው። ከ40 ደቂቃ በኋላ ታች በኩል ይደነዝዘኛል።

መልስ፦ ምንም አያሳፍርም፤ ይሄን ጥያቄ አራት ሰው ነው የላከው። አንዷ ሴት ናት፣ እሷም የምትለው ያንኑ ነው። ዝም ብሎ የሚታለፍ ነገር ግን አይደለም።

ቀና ብለህ ስትቀመጥ ክብደትህ ያለው መቀመጫህ ላይ ባሉት ሁለት አጥንቶች ላይ ነው። ኤሮባር ላይ ስትተኛ ዳሌህ ወደፊት ይዘነበላል፣ ክብደቱም ወደ ብሽሽት ይመጣል። እዚያ ያለው ነርቭና የደም ሥር ነው። የተራ ሳይክል ኮርቻ አፍንጫው ቀጭንና ድፍን ስለሆነ እሱን ይጨፈልቃል። ለዚህ የተሠሩ አፍንጫቸው ለሁለት የተሰነጠቀ ወይም አጠር ያለ ኮርቻዎች አሉ። ለትራያትሎን ገንዘብ የምታወጣበት አንድ ነገር ብቻ ምረጥ ብትለኝ ጎማም ቸርኬም አልልህም፣ ኮርቻ እልሃለሁ።

እስከዚያው ያለህን ኮርቻ አስተካክል። ባለፈው ለአንድ ልጅ ያደረግኩትን ልንገርህ። ሳይክሉን ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ አቆምነው። ኮርቻው ላይ ደብተር፣ ደብተሩ ላይ የግንበኛ ውሃ ልክ አስቀመጥን። አረፋው ወደፊት ሄዶ መስመሩን አልፎ ተቀምጧል፤ አፍንጫው ወደ ላይ ቀና ብሏል ማለት ነው። ልጁ ለወራት እንደዚያ ነበር የነዳው። ብሎኑን አላልተን አረፋው መሃል እስኪገባ አወረድነው፣ ከዚያ ትንሽ ጨመርንበት፣ 2 ዲግሪ ቢሆን ነው። ከዚያ በላይ አታውርድ፤ ወደፊት ትንሸራተትና ክብደትህ ሁሉ ክንድህ ላይ ይወድቃል። ያኔ ደግሞ ስለ ትከሻ ትጽፍልኛለህ።

ፓድ ያለው ቁምጣ ስትለብስ ከስር ሌላ ሙታንታ አይለበስም። ይሄን ለስንቱ ነገርኩ! ስፌቱ ነው የሚፍቅህ። ቫዝሊን ተቀባ፣ በየ10 ደቂቃው ለጥቂት ሰከንድ ከኮርቻው ተነስ። ሁሉንም አድርገህ መደንዘዙ ካልቀረ ወይም ከሳይክል ከወረድክም በኋላ ከቆየ ሐኪም ጋ ሂድ።

ጥያቄ፦ የኮርቻውን ከፍታ ቤቴ ውስጥ እንዴት ልለካ? ጉልበቴን ከፊት በኩል ያመኛል።

መልስ፦ ከፊት ከሆነ የሚያምሽ ኮርቻሽ ዝቅ ብሎ ይሆናል። ከኋላ በኩል ቢሆን ከፍ ብሏል እልሽ ነበር።

ባዶ እግርሽን ግድግዳ ተደግፈሽ ቁሚ። ወፈር ያለ መጽሐፍ በእግሮችሽ መካከል አድርገሽ ወደ ላይ ጠበቅ አድርጊው፣ ከመጽሐፉ ጠርዝ እስከ ወለሉ ይለካልሽ። ያንን በ0.883 አባዢው። 82 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 72.4 ይመጣል። ይሄ ፔዳሉ ከሚዞርበት መሃል እስከ ኮርቻው አናት ያለው ርቀት ነው። መነሻ ነው እንጂ ሕግ አይደለም። ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበትሽ ትንሽ ታጥፎ መቅረት አለበት፣ ዳሌሽም ግራና ቀኝ መወዛወዝ የለበትም። ስታስተካክዪ በአንድ ጊዜ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ አትነካኪው።

ጥያቄ፦ ያለኝ ተራ የኮርስ ሳይክል ነው። ኤሮባር ብገጥምበት ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል፣ ብዙዎቻችን የጀመርነው በሱ ነው። ግን ኤሮባሩን ብቻ ገጥመህ ኮርቻውን እዚያው ከተውከው ጭንህ ሆድህን ይመታል፣ ትንፋሽህም ያጥራል። ልዩነቱ ከኮርቻው ስር ባለው ቱቦ ነው። የኮርስ ሳይክል ላይ ዘንበል ያለ ነው፣ 73 ዲግሪ አካባቢ። የትራያትሎን ሳይክል ላይ ቀጥ ይላል፣ ከ76 እስከ 80። ኮርስ ላይ የተቀመጠ ሰው ቅርጹ ሳይቀየር ፔዳሉን ማዞሪያ አድርገህ ሙሉውን ወደፊት ብታሽከረክረው የትራያትሎን አቀማመጥ ይወጣል። ጀርባው ይተኛል፣ በጭንና በሆድ መካከል ያለው ክፍተት ግን አይዘጋም። ዘዴው ይሄ ብቻ ነው።

ስለዚህ ኮርቻህን ወደፊት ግፋ። 2 ሴንቲ ሜትር ስትገፋው ከፔዳሉ ጋር ያለው ርቀት ወደ 6 ሚሊ ሜትር ስለሚያጥር ያንኑ ያህል ከፍ አድርገው። ይሄን የሚረሳ ሰው ነው በሳምንቱ ጉልበቴን የሚለው። ክብደትህ ወደፊት ስለሚመጣ ደግሞ መሪው ይቀልሃል፣ ይቅበዘበዛል። መጀመሪያ መኪና የማይበዛበት ቦታ ተለማመድ።

ጥያቄ፦ አጭር ክራንክ (ፔዳሉን የሚይዘው ክንድ) የሚባለው ፋሽን ነው?

መልስ፦ አይደለም። ከ172.5 ሚሊ ሜትር ወደ 165 ብትወርድና ኮርቻህን በ7.5 ብታነሳ፣ ፔዳሉ ከላይ ሲደርስ ጉልበትህ ወደ ሆድህ የሚመጣው በ15 ሚሊ ሜትር ቀንሶ ነው። ቦርጭ ላለን ሰዎች ትልቅ ነገር ነው። አዲስ ግዛ አልልህም፣ ሁለተኛ እጅ ካገኘህ ግን አትለፈው።

ጥያቄ፦ ወንጂ ሜዳ ላይ የጎን ንፋስ ሊጥለኝ ነበር።

መልስ፦ ሸንኮራ አገዳው ከለላ ሲሆንህ ቆይቶ የታጨደ ማሳ ጋ ስትደርስ ነው አይደል? አውቀዋለሁ። ድንገት በር የተከፈተ ነው የሚመስለው። የፊት ጎማህ ቸርኬው ጥልቅ ከሆነ እሱን ቀይር፣ የኋላው ይቆይ። ታዋቂው የትራያትሎን ውድድር በሚካሄድበት ሃዋይ ኮና ላይ ከንፋሱ የተነሳ ድፍን የኋላ ጎማ ለረጅም ዓመታት ክልክል ነበር፣ አንተ ለወንጂ ምን አስጨነቀህ። የክርን ማሳረፊያዎቹን ትንሽ አራርቃቸው። መሪውን አንቀህ አትያዝ፤ ስታንቀው የንፋሱን ግፊት አንተው ነህ መሪው ላይ የምትጨምርበት። ባጃጅ፣ ጋሪና ከብት ባለበት ደግሞ ኤሮባር ላይ መተኛት የለም፤ እዚያ ፍሬን የለህም። እጅህ ፍሬኑ ጋ ይሁን።

ጥያቄ፦ የንፋስ ዋሻ (ሰው ሠራሽ ንፋስ እየነፋ አቀማመጥ የሚፈተንበት ክፍል) የለን፣ አቀማመጤ መሻሻሉን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ቁልቁለት አለን። ወደ ወንጂ ስትወርድ ማለዳ፣ ንፋሱ ሳይነሳ፣ አንድ ምልክት ያለበት ቦታ ምረጥ። ከዚያ ቆመህ ተነስ፣ ፔዳል ሳትመታ ውረድ፣ የት ድረስ እንደሄድክ ምልክት አድርግ። አንድ ነገር ብቻ ቀይርና ድገም። ያው ልብስ፣ ያው የጎማ አየር። ሦስት ሦስት ጊዜ ካልሞከርክ አትመነው፣ መኪና ካለፈህ ያንን ዙር ሰርዝ። እኔ በዚህ መንገድ ያገኘሁት ትልቁ ልዩነት የመጣው ከመሪው አይደለም። የሚውለበለብ ሰፊ ቲሸርቴን አውልቄ ጠባብ ስለብስ ነው። ሁለተኛው ጭንቅላቴን በትከሻዎቼ መካከል ዝቅ ሳደርግ ነው፣ አይኔ መንገዱን እያየ። መሬት እያዩ መንዳት ግን ፍጥነት አይደለም፣ አምቡላንስ መጥራት ነው።

ጥያቄ፦ ከሳይክል ወርጄ ስሮጥ እግሬ የኔ አይመስለኝም።

መልስ፦ መጀመሪያው ኪሎ ሜትር ላይ ሁላችንም እንደዚያ ነን። ከዚያ ካለፈ ኮርቻህ ወደኋላ ሆኖ ወይም መሪህ በጣም ዝቅ ብሎ ይሆናል። ሶደሬ ዋኝተህ ወደ አዳማ ነድተህ፣ ጫማ ቀይረህ 15 ደቂቃ ብቻ ሩጥ። ወገብህ ቶሎ ቀና ካላለ መሪውን አንድ ቀለበት አንሳው።

ጥያቄ፦ ጽጋቡ ግርማይ እንደዚያ ዝቅ ብሎ ይነዳ አልነበር? እኛ ለምን አንችልም?

መልስ፦ ጽጋቡ በ2016 እ.ኤ.አ. ቱር ደ ፍራንስን የነዳ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው፣ ሥራው ሳይክል ነበር። አንተ ቀኑን ሙሉ ቢሮ ተቀምጠህ ትውላለህ። ጎንበስ ብለህ የጫማህን ክር ሳትንተፋተፍ ማሰር ስትችል ተመለስና እናወራለን።

ጥያቄ፦ ኦሎምፒክ ላይ ግን ትራያትሎን ሲወዳደሩ በተራ ኮርስ ነው የማያቸው።

መልስ፦ ልክ ነህ። እዚያ ከፊት ሰው ጀርባ ተጠግቶ መንዳት ስለሚፈቀድ በቡድን ነው የሚነዱት፣ መሪውም የኮርስ መሪ መሆን አለበት። እኛ የምናወራው ለብቻ ስለሚነዳው ነው። አይረንማን በሚባለው ረጅሙ ትራያትሎን፣ 180 ኪሎ ሜትር የሳይክል ክፍሉ ላይ ከፊትህ ካለው 12 ሜትር ካልራቅክ ትቀጣለህ።

ጥያቄ፦ ሳይክሉን ፈትቼ በአውቶቡስ ጭኜ ስመለስ ልኬው ሁሉ ይጠፋብኛል።

መልስ፦ ኮርቻው ዘንግ ላይ ፕላስተር የምትለጥፍ ከሆነ ላብና አቧራ ያነሳዋል። እኔ የእህቴን ቀይ የጥፍር ቀለም ነው የምጠቀመው። በዘንጉ ላይ ቀጭን መስመር፣ በኮርቻው ሐዲድ ላይ አንድ፣ በክርን ማሳረፊያው ላይ አንድ። እህቴ እስካሁን ጠርሙሱን ትፈልጋለች፤ እባካችሁ እንዳትነግሩብኝ።