የክሬዲት ካርድ ጃንክ ሜይልን ስለማስቆም፦ ከራሴ ልምድ

እህቴ፣ «አሜሪካ ውስጥ ፕሪ-አፕሩቭድ ነሽ (አስቀድሞ ተፈቅዶልሻል) የሚል የክሬዲት ካርድ ፖስታ በየቀኑ ይመጣብኛል፤ ቤቱ ወረቀት በወረቀት ሆነ፤ ምን ላድርግ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኛም ቤት እንደዚሁ ነበር። አሁን ተገላግለናል።

1. «ወደ ላኪው ይመለስ» ብለሽ አትድከሚ። የማስታወቂያ ፖስታ በርካሽ ስለሚላክ አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም። ፖስታ ቤቱ ራሱ ይጥለዋል።

2. ከምንጩ አድርቂው። ባንኮች ስምሽን የሚያገኙት የሰውን የብድር ታሪክ ከሚመዘግቡት ድርጅቶች፣ ከክሬዲት ቢሮዎች ነው፦ ኢኩፋክስ፣ ኤክስፒሪያን፣ ትራንስዩኒየን እና ኢኖቪስ። አራቱንም በአንዴ ለማስቆም 1-888-567-8688 ደውዪ። ክፍያ የለውም። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር (መንግሥት የሰጠሽን መለያ ቁጥር) ሲጠይቁሽ አትደንግጪ፤ ከፋይልሽ ጋር ለማመሳከር ነው። ብቻ ራስሽ ደውዪ እንጂ ለደወለልሽ ሰው ቁጥርሽን እንዳትሰጪ።

3. እኔን ያናደደኝ እዚህ ጋ ነው። መጀመሪያ የሄድኩት አካውንት ወዳለኝ ባንክ ነበር። ሠራተኛዋ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል «ይሄን ካስቆምክ ክሬዲት ስኮርህ (ለብድር ያለህ የታማኝነት ነጥብ) ይወርዳል» አለችኝና «ቀጣይ!» ብላ ተጣራች። ቤት ገብቼ ያው ባንክ የላከልኝን ደብዳቤ ገለጥኩ። ግርጌው ላይ፣ በሳጥን ውስጥ፣ ይሄው ስልክ ቁጥር ተጽፏል! ማስታወቂያ አልፈልግም የማለት መብት እንዳለኝም ይናገራል። ሕጉ በእያንዳንዱ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ላይ እንዲጽፉት ያስገድዳቸዋል። ይዤው ተመለስኩና ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግቼ «እስቲ አንብቢልኝ» አልኳት። ማናጀሯን ጠራች። ይቅርታ ግን የጠየቀኝ የለም። ስንቱን አዲስ መጪ እንዲህ አስፈራርታ መልሳ ይሆን? እወቂው፣ ስኮርሽን በፍጹም አይነካም።

በስልክ የምታስቆሚው ለ5 ዓመት ብቻ ነው። ለዘለቄታው ከፈለግሽ ኦፕትአውትፕሪስክሪን ዶት ኮም (optoutprescreen.com) ላይ ፎርሙን አውጪ፣ ፈርሚበትና በፖስታ ላኪው። እኔ ያደረግኩት ይሄንን ነው። ባለቤት ካለሽ እሱም የራሱን ይሙላ፤ ያንቺ ፊርማ ለሱ አይሠራም። የባለቤቴ እስኪላክ ድረስ በእሷ ስም መምጣቱ አልቆመም ነበር።

ወዲያው ይቆማል ብለሽ ግን አትጠብቂ። አስቀድሞ የወጣ የስም ዝርዝር ስላለ ለተወሰኑ ሳምንታት ይመጣል። የራስሽ ባንክ የሚልከውን ደግሞ ይሄ አያስቆመውም። እነሱን ለብቻ «ማርኬቲንግ አትላኩልኝ» በያቸው፤ ስቴትመንቱንም (የሂሳብ መግለጫውንም) በዚያው ወደ ኦንላይን አስቀይሪው።