የመዋኛ ገንዳ ሴራሚክ የሚያድስ ሰው ስትፈልጉ፦ ጥያቄና መልስ

ለብዙ ዓመታት ሥራዬ የመዋኛ ገንዳ ሴራሚክ ነው። ራሴ አንጥፌአለሁ፤ ሌላው ያነጠፈውንም አንስቻለሁ። ግራውት የምለው በሴራሚኮቹ መሀል ያለውን ክፍተት የሚሞላውን ነው። ገንዳ ለማሳደስ ሰው ልትቀጥሩ ያሰባችሁ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። የደረሱኝን ጥያቄዎች እነሆ መለስኩ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ግራውቱን በጥፍሬ ስነካው እንደ አሸዋ ይረግፋል። ግራውቱ ብቻ ይታደስ ወይስ ሴራሚኩም ይነሳ?

መልስ፦ ውሃው ከወረደ በኋላ የካቻቢቴ እጀታ ይዘህ ሴራሚኩን አንድ በአንድ አንኳኳው። ድምፁ አጭርና ደረቅ ከሆነ በደንብ ይዟል። እንደ ባዶ ጣሳ ከጮኸ ከሥሩ ለቋል። የለቀቀውን በጠመኔ ምልክት አድርግበት። ምልክቱ እዚህም እዚያም ጥቂት ከሆነ እነሱን ብቻ ቀይር። አንዱን ግድግዳ ከሸፈነው ግን ያ ግድግዳ መነሳቱ አይቀርም። ሁሉም ደህና ድምፅ ካለው ግራውቱን ማደስ ይበቃል። ልትቀጥረው የመጣው ሰው ሳያንኳኳ ዋጋ ከነገረህ አመስግነህ ሸኘው።

ጥያቄ፦ ሦስት ሰው አስጠርቼ ዋጋቸው የሰማይና የምድር ያህል ተራራቀብኝ። ማንን ልመን?

መልስ፦ እህቴ፣ ዋጋውን ለጊዜው ተዪውና ለሦስቱም ሁለት ጥያቄ አቅርቢላቸው።

አንደኛው፣ «አሮጌውን ግራውት ምን ያህል ጥልቀት ታወጣለህ?» የሚል ነው። ቢያንስ የሴራሚኩን ውፍረት ሁለት ሦስተኛ ማለት አለበት። ሴራሚኩ 8 ሚሊሜትር ከሆነ ከ5 ሚሊሜትር በላይ መውጣት አለበት ማለት ነው። አድካሚ ሥራ ነው፤ አቧራው አይጣል ነው፤ ብዙ ሰዓት ይበላል። የዋጋው ልዩነት ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከዚሁ ነው። አንድ ገንዳ አስታውሳለሁ። ቀድሞኝ የሠራው ሰው አሮጌውን ሳያወጣ በላዩ ላይ አዲስ ቀብቶ በሁለት ቀን ጨርሶ ሄዷል። ሲያስረክብ ያምር ነበር አሉ። እኔ ስደርስ ወለሉ ጥግ ላይ እንደ ወረቀት የሳሳ ቅርፊት ተከምሯል። በሁለት ጣቴ ስይዘው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተላጠ። ባለቤቷ ለአንድ ሥራ ሁለቴ ከፈለች። እስካሁን ይቆረቁረኛል።

ሁለተኛው፣ «የበፊቱ ለምን ተበላሸ?» የሚል ነው። ምክንያቱን ያላወቀ ሰው ያንኑ ችግር ደግሞ ይሠራልሻል። ውሃው ወደ አሲድነት ካደላ፣ ማለትም የአሲድነቱ መለኪያ የሆነው ፒኤች ለረጅም ጊዜ ከ7.2 በታች ከቆየ፣ የሲሚንቶ ግራውትን ቀስ እያለ ይበላዋል። ካልሲየም ያነሰው ውሃም እንደዚያው ነው፤ የጎደለውን ከግራውቱ ይወስዳል። ገንዳውን በአሲድ የሚያጥቡ አሉ። በከፍተኛ ግፊት ውሃ የሚፈገፍጉም አሉ። አንዳንዴ ደግሞ ኮንክሪቱ ራሱ ተሰንጥቆ ይሆናል፤ ያኔ ግራውት መድኃኒት አይሆንም።

ጥያቄ፦ የሲሚንቶ ግራውት ይሻላል ኢፖክሲ?

መልስ፦ አቅም ካለ ኢፖክሲ፣ ማለትም በሲሚንቶ ፋንታ ከሙጫና ከማጠንከሪያ የሚቀየጠው ግራውት። የገንዳ ኬሚካል በቀላሉ አይበላውም፤ ውሃም እምብዛም አይመጥም። ግን ውድ ነው፤ ደግሞ ቶሎ ይደርቃል። ሴራሚኩ ላይ የቀረውን በጊዜው ያላጠበ ሠራተኛ የማይለቅ እድፍ ጥሎ ይሄዳል። ስለዚህ በኢፖክሲ ሠርቶ የሚያውቅ መሆኑን አረጋግጡ፤ የሠራውንም ሄዳችሁ እዩ። የሠራው ገንዳ ሁለት ዓመት ያለፈው ቢሆን ደግሞ ጥሩ ነው። አዲስ ሥራማ ሁሉም ያምራል።

ጥያቄ፦ የገንዳዬ ውሃ በየቀኑ ይቀንሳል። ግራውቱ ሲታደስ ይቆማል?

መልስ፦ በዚህ ተስፋ ገንዘብዎን እንዳያወጡ እለምንዎታለሁ። ውሃ የሚይዘው ከሴራሚኩ ሥር ያለው ኮንክሪትና የውሃ መከላከያ እንጂ ግራውቱ አይደለም። መጀመሪያ አንድ ባልዲ ውሃ ሞልተው ገንዳው ደረጃ ላይ ያስቀምጡ። የባልዲው ውሃ ከገንዳው ውሃ ጋር እኩል ይሁን። ፓምፑን ያጥፉና ከ24 ሰዓት በኋላ ይዩት። ሁለቱም እኩል ከቀነሱ ፀሐይና ነፋስ ነው የወሰደው። የገንዳው ከበለጠ ቀዳዳ አለ ማለት ነው፤ ቧንቧውም ይፈተሽ።

ጥያቄ፦ ሠራተኛው እስኪመጣ ውሃውን ራሴ ላውጣው?

መልስ፦ ቆይ! የከርሰ ምድር ውሃ ቅርብ በሆነበት ቦታ፣ በተለይ በዝናብ ወቅት፣ ባዶ ገንዳ ከታች ተገፍቶ ሊነሳና ሊሰነጠቅ ይችላል። ውሃውን ማን እንደሚያወጣና ጉዳት ቢደርስ ማን እንደሚጠየቅ ውሉ ላይ ይስፈር። ከወጣ በኋላም ዙሪያውን እጠር። ልጆች ባዶ ገንዳ ውስጥ ሲወድቁ ጉዳቱ ከባድ ነው።

ጥያቄ፦ መታጠቢያ ቤቴን አሳምሮ የሠራ ሰው አለኝ። ገንዳውንስ ይችላል?

መልስ፦ ሊችል ይችላል፤ ግን ገንዳ ሌላ ነው። ሴራሚኩ ሌት ተቀን ውሃ ውስጥ ይኖራል። ማጣበቂያውን አምስት ቦታ ጠብ ጠብ አድርጎ መለጠፍ እዚህ አይሠራም፤ ባዶ የቀረው ቦታ ውሃ ይቋጥራል። መጀመሪያው ቀን ላይ አሁን የለጠፈውን አንድ ሴራሚክ እንዲያነሳ ጠይቀውና ጀርባውን እይ። ከሞላ ጎደል ሁሉም ቦታ በማጣበቂያ መሸፈን አለበት። ሴራሚኩም ውሃ እምብዛም የማይመጠው፣ ፖርሴሊን የሚባለው ዓይነት ይሁን። የተራ ግድግዳ ሴራሚክ ገንዳ ውስጥ አይገባም።

ጥያቄ፦ የገንዳው ጠርዝና የውጪው ወለል የሚገናኙበት መስመር በየዓመቱ ይሰነጠቃል።

መልስ፦ እዚያ ግራውት አይገባም። ሁለቱ ለየብቻ ስለሚንቀሳቀሱ ለገንዳ በተሠራ የሚለጠጥ ማሸጊያ ይሞላ።

ጥያቄ፦ ቀብድ ስንት ልስጥ?

መልስ፦ ለዕቃ መግዣና ሥራ ለማስጀመር የሚበቃ ያህል። ሌላውን በየደረጃው ክፈል፦ አሮጌው ወጥቶ ሲጸዳ፣ ሴራሚኩ ሲያልቅ፣ ግራውቱ ሲሞላ። የመጨረሻውን ግን ገንዳው ሞልቶ ጥቂት ቀን እስኪቆይ ያዝ። ውሉ ላይ የካሬው መጠን፣ የግራውቱና የማጣበቂያው ዓይነት፣ ቆሻሻውን ማን እንደሚያነሳና የዋስትናው ጊዜ ይጻፍ።

ጥያቄ፦ ካለቀ በማግስቱ ብንሞላውስ? ልጆቹ አላስቀምጥ ብለውኛል።

መልስ፦ ትንሽ ታገሺያቸው። የሲሚንቶ ግራውት ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይፈልጋል፤ ትክክለኛው ጊዜ ከረጢቱ ላይ ተጽፏል። ስትሞዪም ቀስ ብለሽ ሙዪ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፒኤቹ ከፍ ስለሚል ቶሎ ቶሎ ለኪው፤ ከ7.2 እስከ 7.8 መሀል ይሁን።

ጥያቄ፦ ሁለት ካርቶን ሴራሚክ ተርፎኛል። ልመልሰው?

መልስ፦ አትመልሰው። ከዓመታት በኋላ ያንኑ ቀለም ማግኘት ከባድ ነው። ደረቅ ቦታ አስቀምጠውና ካርቶኑ ላይ የግራውቱን ስምና የቀለሙን ቁጥር ጻፍበት።