ኮንቴነር ውስጥ ላይተር ልሽጥ ላልከው ወንድም፦ ካርቶኑን ከመግዛትህ በፊት አንብበው

«ሳቢያን ኮንቴነር ሱቅ ልከፍት ነው፣ ላይተር በካርቶን ላስገባ ብዬ ነበር፤ የሚጣለው ይሻላል የሚሞላው?» ብለህ ጠይቀሃል። አቦ፣ እኔን ያስደነገጠኝ ላይተሩ ሳይሆን ኮንቴነር ያልከው ነው። እኔም የጀመርኩት ድሬ ላይ በኮንቴነር ነው። ያውም በግንቦት። ረጅም ቢሆንም ታገሰኝ፣ የከፈልኩበትን ነው የምጽፍልህ።

1. የሚጣለው ባለ ድንጋዩ ዋናው ገበያህ ነው። ሲጋራ የሚያጨሰውም፣ ለቡና ከሰል የምታያይዘውም፣ እጣን የምታጨሰውም የሚጠይቁህ እሱን ነው። አሠራሩን ካወቅክ ግማሽ ጭቅጭቅ ይቀርልሃል። ጥርስ ያለው የብረት ጎማ ድንጋዩን ይፍቀዋል፣ ድንጋዩ ይፈነጥቃል፣ አውራ ጣትህ በዚያው ወርዶ ማንሻውን ሲጫን ጋዙ ይለቀቅና ይያያዛል። ድንጋይ እንለዋለን እንጂ ድንጋይ አይደለም። የብረትና ሴሪየም የሚባል ሌላ ብረት ቅይጥ ነው፣ አንድ ኦስትሪያዊ ኬሚስት በ1903 እ.ኤ.አ. የሠራው። ደንበኛ «ጋዝ አለው ግን አይበራም» ብሎ ሲመልስልህ አትጣላ። ጎማውን በጣትህ አዙረው። ከሻከረህ ድንጋዩ አለ፣ የኪስ ብናኝ ገብቶበት ነው፣ እፍ በልበት። ልስልስ ብሎ ከዞረ ድንጋዩ አልቋል። ይህን ፊቱ ስታሳየው ያምንሃል፣ ሁለተኛም ከአንተ ይገዛል።

2. ጠቅ የሚለው ድንጋይ የለውም። ውስጡ ትንሽ ክሪስታል አለች። ስትጫነው ሞላ ያላት መዶሻ ትመታታለች፣ በዚያች ምት ለቅጽበት በሺዎች ቮልት የሚቆጠር ኤሌክትሪክ ይፈጠርና በሽቦዋ ጫፍ ብልጭ ይላል። የሰፈራችን ልጆች ካለቀ ላይተር ይህችን ነቅለው እርስ በርስ እጅ ላይ ጠቅ እያደረጉ ይነዛዘራሉ። እምቢ ካለ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሽቦዋ ነው፣ ተጣማ ብልጭታው ወደ ጋዙ ቀዳዳ ሳይሆን ወደ ጎኑ ቆርቆሮ ይዘላል። በመርፌ ጫፍ መልሳት።

3. የሚሞላው። እዚህ ላይ ነው የተቃጠልኩት።

በ2014 ግንቦት አንድ አከፋፋይ ጋ ርካሽ የሚሞላ ላይተር አገኘሁ። አንድ ካርቶን፣ 1000 ፍሬ፣ 50 50 የያዘ 20 ፓኮ። ቀለሙ ያምራል፣ ውስጡ ግን አይታይም። ዋጋው ከሌላው በጣም ይቀንስ ነበር፣ ለምን እንደቀነሰ አልጠየቅኩም። ደረሰኝም አልተቀበልኩም። ልጆች እንዳይነኩት ብዬ ከላይኛው መደርደሪያ፣ ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር ደረደርኩት። ቅዳሜ ዘግቼ ሐረር ለሰርግ ወጣሁ፣ እሁድን እዚያው ዋልኩ።

ሰኞ ጠዋት በሩን ስከፍት ሽታው አፍንጫዬን መታው። መሬቱ ላይ የተሰነጠቀ ላስቲክ፣ ጎማ፣ ሞላ ተበትኗል። መጀመሪያ ሌባ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ከላይ አንዱ «ጧ!» አለና ስባሪው የልጄን ትከሻ መታት። አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ከሱቄ ሦስት እርምጃ ላይ ቡና የምታፈላ ጎረቤት አለችኝ፣ ከሰሉን አያይዛ እያራገበች ነበር። «እሳቱን! እሳቱን አጥፊው!» ብዬ ስጮህ የጀበናውን ውኃ ከሰሉ ላይ ደፋችው። ያች ሴት ያን ቀን ባትሰማኝ ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍልህም ነበር። ስንቆጥረው 212 ፍሬ ፈንድቷል። ከ300 በላይ ደግሞ ሳይፈነዳ ጋዙ ወጥቶበታል።

ለምን እንደሆነ ያኔ አላውቅም ነበር። በኋላ ጠይቄ ተማርኩ። ጋዙ ነጭ ጋዝ አይደለም፣ ቡቴን ነው። ዜሮ ዲግሪ አካባቢ የሚፈላ ነገር ነው፣ ላይተሩ ውስጥ ፈሳሽ ሆኖ የሚቆየው ታፍኖ ስለተያዘ ብቻ ነው። ሙቀት ሲጨምር ግፊቱ ይጨምራል፣ በ60 ዲግሪ ያለው ግፊት በ20 ዲግሪ ካለው ሦስት እጥፍ ያህል ይሆናል። ፈሳሹም ራሱ ያብጣል። ለዚህ ነው ዓለም አቀፉ የላይተር ደረጃ ገንዳው ከ85 በመቶ በላይ እንዳይሞላ፣ ላይተሩም በ65 ዲግሪ ለ4 ሰዓት እንዲፈተን የሚለው። የእኔዎቹ እስከ አፋቸው የተሞሉ ነበሩ። የተረፉትን ከጀርባቸው ባትሪ አብርቼ ሳያቸው ባዶ ቦታ የሚባል የላቸውም። ፀሐይ ላይ የዋለ ኮንቴነርን ጣሪያ ደግሞ በእጅህ ነክተህ እየው።

አከፋፋዩ ጋ ስባሪውን በፌስታል ይዤ ሄድኩ። «የገዛሽው አንቺ፣ ያስቀመጥሽው አንቺ፣ ያፈነዳሽው አንቺ» አለኝ። ሰው ፊት። አቤቱታ የሚቀበል ቢሮም ሄጄ ነበር። ግማሽ ቀን ወረፋ ጠብቄ ስገባ ጸሐፊው ስልኩን ሳያስቀምጥ «ለላይተር ነው እንዴ የመጣሽው?» አለኝ፣ ቀጥሎ «ደረሰኝ?»። ደረሰኝ የለኝማ! ልጄ ተመታለች ስለው ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ብሩ ሄደ፣ እሱን እርሳው፣ ያ ንግግር ግን እስካሁን ያንገበግበኛል። ስለዚህ ደረሰኝ ሳትይዝ ከማንም እንዳትገዛ፣ የአጎትህ ልጅም ቢሆን።

ከዚያ ወዲህ ውስጡ የማይታይ ላይተር አልገዛም። ግልጹን ወስደህ ቀጥ አድርገህ ወደ ብርሃን ያዘው፣ ከፈሳሹ በላይ ባዶ ቦታ መኖር አለበት። ከየፓኮው ሦስት አራት አውጣና ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ንከር፣ አረፋ ከሰጠህ ያፈሳል። አብራውና ልቀቀው፣ ነበልባሉ ወዲያው መጥፋት አለበት፣ እየተንቀረፈፈ የሚጠፋ ከሆነ አትንካው። እንዲህ ስፈትን የሚቆጣ አከፋፋይ አለ። ይቆጣ።

ሱቅ ውስጥ የዕለቱን ብቻ፣ ከታች፣ ፀሐይ ከማይመታው ግድግዳ በኩል አስቀምጥ። የቀረው ቤት ይደር። እኔ አልጋ ሥር ነው የማኖረው፣ ከምድጃ በጣም ርቆ። ለባጃጅ ሾፌር ስትሸጥለትም መስታወቱ ሥር ፀሐይ ላይ እንዳይተወው ንገረው።

የሚሞላውን ጨርሰህ አትተው ግን። እኔ ዛሬ ከመሸጡ ይልቅ ከመሙላቱ የተሻለ አገኛለሁ፣ ከቀፊራ ድረስ ይዘው የሚመጡ ደንበኞች አሉኝ። ሥራው ቀላል ነው፣ ጥንቃቄው ነው እንጂ። በአካባቢው ከሰል እንዳይኖር። ነበልባሉን ወደ ዝቅተኛው መልስ። ከታች ያለችውን ቫልቭ በመርፌ ተጭነህ የቀረውን አየር አስወጣ። ላይተሩን ዘቅዝቀህ የመሙያ ጋዙን ጠርሙስ ከላይ ቀጥ አድርገህ ተጫን። ሞልተህ ወዲያው አታብራው፣ የፈሰሰው ተንኖ እስኪያልቅ ጥቂት ደቂቃ ጠብቅ።

ስለ ሌሎቹ ባጭሩ። እሽ እያለ ሰማያዊ ነበልባል የሚተፋው ጋዙን ከአየር ጋር ቀላቅሎ ስለሚያነድ ነፋስ አይበግረውም፣ ቆርቆሮ ሠራተኞችና ጌጥ ሠሪዎች ይፈልጉታል፣ ግን ጋዝ ይጨርሳል። በቻርጀር የሚሞላው ጋዝ የለውም፣ በሁለት ጫፍ መሃል ኤሌክትሪክ ነው የሚያነደው። ለሲጋራ ጥሩ ነው፣ ለከሰል አይሆንም፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ተመላሽ ይበዛብሃል። ዚፖ ዓይነቱ ባለ ክር ነው፣ ሆዱ ውስጥ ያለው ጥጥ የላይተር ቤንዚን ይጠጣል። አባቴ ምድር ባቡር ሲሠራ አንድ ነበረችው፣ ክዳኗ ቀጭ ስትል ከጓዳ እንሰማት ነበር። በድሬ ሙቀት ቤንዚኑ ባትነካውም ተንኖ ያልቃል፣ ከሞተር ቤንዚን የሚሞሉት ደግሞ ጥላሸቱንና ሽታውን አይችሉትም። በትእዛዝ ካልሆነ አታስገባው።

እንግዲህ በእኔ ግምት ለመጀመሪያው ወር ባለ ድንጋዩን ግልጹን ሁለት ፓኮ፣ ጠቅ የሚለውን አንድ ፓኮ፣ የሚሞላውን ግልጽ አሥር ፍሬ ብቻ ያዝ። ካርቶን የሚባለውን እስከ መስከረም እርሳው። ከመግዛትህ በፊት የአንዱን ፍሬ ፎቶ ወደ ብርሃን ይዘህ አንሳውና እዚሁ ለጥፍልኝ፣ ፈሳሹ የት ድረስ እንደደረሰ አይቼ እነግርሃለሁ።